አፉ የተሸረፈው ጀበና

የሥዕል መምህራችን ከማድ ቤት ዕቃ አንዱን መርጠን ሥለን እንድንመጣ ባዘዙን ጊዜ ቅር አለኝ። አንበሳና ተራራ ሳለ ድስትና ጀበና ምን ቁም ነገር አለው? ብዬ ነበር።

መምህራችን ግን አሳባችንን ዐውቀው የታላላቅ ሠዓሊዎችን ሥራ ከመጽሐፍ አሳዩን። በ17ኛው መቶ ዓመት፥ በሆላንድ አገር በሐርለም ከተማ፥ ዊለም ሄዳና ፒተር ክላስ የሚባሉ ሠዓሊዎች የምግብ ገበታ ይሥሉ ነበር። በገበታውም ላይ የተጋደመ ብርጭቆና ግማሹ የተላጠ ሎሚ ይታያል። ብዙ ሊቃውንት እንደሚተረጕሙት፥ የወደቀው ብርጭቆ የሰው ዕድሜ ድንገት እንደሚያልቅ፥ ሎሚውም ላዩ ያማረ ነገር ውስጡ ኮምጣጣ ሊሆን እንደሚችል ያሳስባል።

ከነርሱ በኋላ ሻርደን የሚባል ፈረንሳዊ ተነሣ። በዘመኑ የፓሪስ የሥዕል አካዳሚ የዕቃን ሥዕል ከሁሉ በታች ይቈጥረው ነበር፤ ሻርደን ግን በዚሁ ሙያው እ.ኤ.አ. በ1728 አባል ሆነ። በ1760 ገደማም አንድ ብርጭቆ ውሃ፥ ጥቂት ነጭ ሽንኩርትና አንድ የቡና ማፍያ ሣለ። ቡና ከአገራችን የወጣ ነውና ይህን ሥዕል ሳይ በሩቅ አገር ዘመድ ያገኘሁ መሰለኝ።

ስለዚህ የእናቴን ጀበና ለመሣል ቈረጥሁ። ነገር ግን አፉ የተሸረፈ ስለ ሆነ አፈርሁና ሙሉ አድርጌ ሣልሁት። እናቴም አየችውና፥ «እጅህ ይባረክ ልጄ፤ ግን ይህ የኔ ጀበና አይደለም» አለችኝ።

ምክንያቱን ብጠይቃት፥ ጀበናው የተሸረፈው አባቴ ያረፉ ጊዜ፥ ለቅሶ የደረሰው ሰው ቤቱን ሞልቶ ሳለ እንደ ሆነ ነገረችኝ። እኔ ያን ጊዜ ሕፃን ነበርሁና አላስታውስም። እርሷ ግን ሌላ መግዛት ሳያቅታት እስከ ዛሬ በዚያው ታፈላለች።

በዚያው ሌሊት ሥዕሉን እንደ ገና፥ ከነስባሪው ሣልሁት። የሐርለም ሠዓሊዎች ብርጭቆውን አጋድመው የሣሉት ስለ ምን እንደ ሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ፥ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ የማድ ቤቱን መደርደሪያ ተመልከቱ፤ የተሸረፈ ዕቃ ብታገኙ ከመጣላችሁ በፊት እናታችሁን ጠይቁ።