የጀልባ ፕሮፔለር ስለ መምረጥ

ባለፈው የገና ዕረፍት ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ከሚኖረው አጎቴ ዘንድ ሰነበትሁ። አጎቴ ባለ 40 የፈረስ ጉልበት ሞተር የተገጠመላት ጀልባ አለችው፤ ጧት ጧት በውሃ ላይ ስኪ የሚጫወቱትን በገመድ ይጎትትባታል፤ ከሰዓት በኋላ ቤተሰብ ያሳፍርባታል፤ እንጀራው እርስዋ ናት። በደረስሁ በሳምንቱ ፕሮፔለሩ ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ክንፉ ተሰበረ። «አንተ የተማርህ ነህ፤ አዲስ አበባ ሂድና ይህንኑ የመሰለ ግዛ» ብሎ ገንዘቡን ሰጠኝ።

በተሰበረው ላይ 11 የሚል ቍጥር ነበረበት። ይህ ቍጥር ፒች ይባላል፤ ፕሮፔለሩ አንድ ጊዜ ሲዞር፣ እንጨት ውስጥ እንደሚገባ ብሎን ወደ ፊት ሊሄድ የሚገባው ርቀት በኢንች ተለክቶ ማለት ነው። ሻጩ 11ም 14ም ነበረው። እኔም በአንድ ዙር 14 ኢንች የሚሄደው ይፈጥናል ብዬ፣ በሒሳቤ ኮርቼ 14ቱን ይዤ ተመለስሁ። (የፊዚክስ መምህራችን ይህን ሲያነቡ እንደሚስቁ አውቃለሁ።)

አጎቴ ብቻውን ሲሞክራት በረረች። እሑድ ጧት ግን የሚጎተተው ልጅ ከውሃው መነሣት አልቻለም፤ ሦስት ጊዜ ሞክሮ፣ ውሃ ጠጥቶ ተወው። ያን ጊዜ መጠርጠር ይገባኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ ስድስት ሰዎች፣ ከእነርሱም ሁለቱ ሕፃናት፣ ተሳፍረው ሐይቁ መካከል ስንደርስ ነፋሱ ተነሣ። አጎቴ ጋዙን እስከ መጨረሻው ቢሰጥም ጀልባይቱ አፍንጫዋን ሰቅላ በኋላዋ ተቀመጠች፤ ማዕበሉም በስተኋላ ይገባ ጀመር። በደቂቃ ከ5,000 እስከ 6,000 ዙር መድረስ የሚገባው ሞተር 4,200 ላይ ቆሞ ያቃስታል። እኔ ውሃውን በባልዲ ስደፋ የልጆቹ እናት ስትጸልይ እሰማት ነበር። ዳር ስንደርስ ጉልበቴ አልቆም አለኝ።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልሁት።

አልተቆጣኝም። «ከባድ መኪና የዓባይን ዳገት በአራተኛ ማርሽ ይወጣል?» ብቻ አለኝ።

ነገሩም ይኸው ነው። ፒች በአንድ ኢንች ሲጨምር የሞተሩ ዙር ከ150 እስከ 200 ያህል ይቀንሳል። በዚያ ላይ ላንጋኖ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ስለ ሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩ ገና ሰው ሳይሳፈር ከጉልበቱ ከመቶ አሥር እጅ የሚበልጠውን አጥቷል። በባሕር ላይ የሚስማማ ፒች እንኳ እዚያ ይከብዳል።

አሁን የተገጠመው ባለ አራት ክንፍ ነው፤ ፒቹም 10። አራተኛው ክንፍ ውሃውን አጥብቆ ስለሚይዝ ጀልባይቱ ጭነትም ስኪም ይዛ ቶሎ ትነሣለች፤ ባዶዋን ስትሄድ ግን ፍጥነቷ ጥቂት ቀንሷል። የ14ቱን ዋጋ ከኪስ ገንዘቤ እየከፈልሁ ነው፤ እስከ ፋሲካ ይዘልቃል። አጎቴ ፕሮፔለሩን ከበሩ በላይ ሰቅሎታል።