የመሸብን እንግዶች

ከግልገል በለስ ስንነሳ ሙቀቱ ሸሚዛችንን ከጀርባችን አጣብቆት ነበር። ሦስት አገልጋዮች ነን፤ ጃኬት የያዘ አንድም አልነበረም። የተሳፈርንበት ሚኒባስ ቻግኒ ላይ ተበላሽቶ ብዙ አቆየን። እንጅባራ፣ አረጋውያኑ ዛሬም ኮሶበር የሚሏት ከተማ፣ የደረስነው ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ነሐሴ ነው፤ ዝናቡ ከጉሙ ጋር ይወርዳል። ቆላ ለብሰነው የነበረው ስስ ልብስ እዚህ ደጋ ላይ ምንም አልሆነልንም።

የጠየቅናቸው ሆቴሎች ሁሉ አልጋ ሞልቷል አሉን። መብራት ወዳየንበት አንድ በር ሄደን፣ «የመሸብን የእግዚአብሔር እንግዶች ነን» አልን። ከልጅነታችን ወዲህ በአፋችን ገብቶ የማያውቅ ቃል ነው።

አንዲት እናት ከፈቱልን። አንገታቸው ላይ ማተብ አለ። ማን እንደሆንን አልጠየቁም፤ «ግቡ ልጆቼ፣ ብርድ ነው» አሉን። ወደ ጓዳ በአዊኛ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ጋቢ መጣ። ማንደጃው ላይ ከሰል ጨመሩ። የፍልሰታ ጾም ስለነበር ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ አቀረቡልን። እንደዚያ የጣፈጠን ድንች የለም።

እሳቱ ዳር ሆነን የሐዋርያት ሥራ 28ን አሰብን። 276 ሰዎች ከመርከብ ስብራት ተርፈው መላጥያ ሲወጡ፣ በዚያ ዝናብና ብርድ እሳት አንድደው የተቀበሏቸው ወንጌልን ያልሰሙ የደሴቲቱ ሰዎች ናቸው። ጳውሎስም መጀመሪያ ያደረገው ጭራሮ መሰብሰብ ነው። (ከእኛ አንዱ ድንቹን ሳይጨርስ ምስክርነት ሊጀምር ሲል በክርን ጎሸም አደረግነው።)

እዚያው ሌላ ነገር መጣብን። ባለፈው ዓመት በገዛ አጥቢያችን የአዳር ጸሎት ላይ ሳለን ጥበቃው መጥቶ፣ «አንድ መንገደኛ ማደሪያ አጣሁ ይላል» አለን። ፕሮግራም ላይ ነን፣ ነገ ይምጣ አልን። እኛ ራሳችን ሌሊቱን ሙሉ ነቅተን ነበር፤ አዳራሹ ውስጥ ምንጣፉም ባዶ ወንበሩም ሞልቷል። ሰውየው በማግስቱ አልመጣም።

ጠዋት ገንዘብ ብንዘረጋ እናታችን ተቆጡ። በሩ ላይ ግን ከየት እንደመጣን ጠየቁ። ከበለስ በኩል ስንላቸው ፊታቸው ተለወጠ። ልጃቸው ለሥራ ወደዚያው ከወረደ ሰንብቷል።

«ሲመሽበት የሚያሳድረው ያገኝ ይሆን?» አሉን።

«አይዞዎት፣ ያገኛል» ለማለት አንደበታችን አልታዘዘንም። የልጁን ስም ጠይቀን ደጃፉ ላይ ቆመን ጸለይን፤ እሳቸውም አማትበው «አሜን» አሉ።