የሲኖትራክ ሞተር ለቪትዝ

ካርዱ አዲስ አበባ የገባው በገና ሳምንት ነው። ከዳላስ በመጡ እናት ሻንጣ ውስጥ፣ በሁለት ፎጣ ተጠቅልሎ፣ በቫይታሚን ብልቃጦችና በሕፃን ልብስ መሃል። እናትየው ከራይድ ወርደው ሻይ እንኳ ሳይቀምሱ «እንካ ልጄ፤ ይሄን ብረት ስሸከም ወገቤ ተቆረጠ። በእጁ ካልሰጠሽው እንዳትመለሺ ብሎኛል ያ እብድ» አሉና አስረከቡት።

ብረቱ አርቲኤክስ 3070 ነበር። ጌም የሚጫወት ሰው ይሄን ስም ሲሰማ ልቡ ምን እንደሚሆን ለማይጫወት ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ልጁ ፎጣውን ፈትቶ ዝም ብሎ አየው። ሦስት ፋን፣ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ የሚጠጋ ርዝመት፣ ሲያነሱት ክብደቱ የሚሰማ። ከዚያ አንገቱን አዙሮ ጠረጴዛው ሥር ያለውን ኮምፒዩተሩን አየ። እዚያው ገባው። ግን ለአሥራ አንድ ቀን እንዳልገባው ሆነ።

ካርዱን የላከውና የተላከለት አንድ ሰፈር ያደጉ ናቸው። ከትምህርት ቤት ሲወጡ የሚገቡት አንድ የቆርቆሮ ፕሌይስቴሽን ቤት ነበር፤ በጨዋታ ሳንቲም የሚከፈልበት፣ የተሸነፈ የሚነሳበት። አንደኛው ዲቪ ደርሶት ከሄደ ስድስት ዓመት ሆነው። ሌላው አንድ አስመጪ ቢሮ ውስጥ ሒሳብ ይሠራል፤ ገርጂ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቷል። ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ዳላስ ገና ዓርብ ማታ 3 ሰዓት ሲሆን፣ ሁለቱም ማዳመጫ ሰክተው ካውንተር ስትራይክ ይጫወቱ ነበር። መጫወት ይባል እንጂ ግማሹ ወሬ ነው። ማን አገባ፣ የማን አባት አረፉ፣ የታክሲ ዋጋ ስንት ገባ። ስልክ ተደውሎ የማይነገር ነገር እየተተኮሰ ይነገራል። ወንዶች ፊት ለፊት ተቀምጠው ከማውራት አንድ ነገር ጎን ለጎን እያዩ ማውራት ይቀላቸዋል።

ይህን ያቋረጠው ካርድ ነው፤ ወይም የካርድ አለመኖር። የልጁ ኮምፒዩተር ከውጭ አገር ቢሮ ተነስቶ በዱባይ በኩል የገባ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ «ስላይትሊ ዩዝድ» እየተባለ ከሚሸጠው ዴስክቶፕ ብዙው ይሄው ነው። ስድስተኛ ትውልድ ኮር አይ5፣ አራት ኮር፣ 8 ጊጋ ራም፣ የራሱ ግራፊክስ ካርድ የሌለው። የድሮውን ካውንተር ስትራይክ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለችው ትንሽ ግራፊክስ እየጎተተም ቢሆን ይከፍት ነበር። በ2016 ዓ.ም. የደመራ ዕለት ግን አምራቹ አሮጌውን ጨዋታ በሁለተኛው እትም ተካው። ማታ ተኝቶ ጠዋት ሲነሳ የነበረው ጨዋታ የለም፤ አዲሱ ደግሞ በዚያ ሳጥን ላይ የፎቶ አልበም ሆነ። አንድ ምስል፣ ዝምታ፣ ሌላ ምስል፣ ሞት።

ያኔ ካርድ ቢገዛ ይሻለው ነበር። «ከበዓል በኋላ»፣ «ከፋሲካ በኋላ» ሲል ሐምሌ 22 ቀን 2016 መጣና ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ተለቀቀ። በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከ100 አለፈ። ካርድ ደግሞ በዶላር የሚተነፍስ ዕቃ ነው። ጓደኛው «እኔ አዲስ ልገዛ ነው፣ የድሮውን በእማዬ እልክልሃለሁ» ሲለው እምቢ የሚልበት ምክንያት አልነበረውም። ሳጥኑ ምን እንደሆነ ግን አንዱም አልጠየቀ፣ ሌላውም አልተናገረ።

ክዳኑን ሲከፍት ችግሩ በሦስት በኩል ነበር። አንደኛ፣ ካርዱ ሃርድ ዲስኩ የሚቀመጥበት ብረት ላይ ይጋጫል፤ አይገባም። ሁለተኛ፣ ፓወር ሰፕላዩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት 240 ዋት ይላል። 3070 ብቻውን እስከ 220 ዋት ይበላል፣ ፕሮሰሰሩ 65። ኤንቪዲያ ራሱ ለዚህ ካርድ የሚመክረው 650 ዋት ፓወር ሰፕላይ ነው። ሦስተኛው ደግሞ የዴል ተንኮል ነው፤ ፓወር ሰፕላዩ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኝበት ሶኬት ገበያ ላይ ካለው መደበኛው 24 ፒን ጋር አንድ አይደለም። ትልቅ ፓወር ሰፕላይ ገዝቼ ልቀይር ቢል በቀጥታ አይሰካም። መቀየሪያ ገመድ አለ፣ ግን እሱም ቢገኝ ካርዱ ሳጥኑ ውስጥ አይገባም።

ሜክሲኮ አካባቢ ያለ አንድ ጠጋኝ ነገሩን ሲሰማ ከብየዳው ቀና ሳይል «ወንድሜ፣ የሲኖትራክ ሞተር አምጥተህ ቪትዝ ላይ ግጠምልኝ እያልከኝ ነው» አለው። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የትም አይገኝም። ልጁ ግን ማብራሪያ ሳይሆን ተአምር ነበር የፈለገው፤ ስለዚህ ሌላ ሱቅ ሄደ።

ሱቆቹ ያው ሱቆች ናቸው። እያንዳንዱ የሚመክረው መደርደሪያው ላይ ያለውን ነው። አንዱ «ኬዙን፣ ማዘርቦርዱን፣ ፕሮሰሰሩን፣ ራሙን፣ ፓወሩን እንቀይር» አለና ወረቀት ላይ ደምሮ 65 ሺህ ብር አደረሰው። አንድ ካርድ ለመሰካት ሙሉ ኮምፒዩተር መግዛት ማለት ነው። ሌላው «3070ውን ለእኔ ተውልኝና አርኤክስ 580 ልስጥህ፣ ይሄም 8 ጊጋ ነው» አለ። እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነውና። ካርድ ሲገዛ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ጊጋ ነው?» ከሆነ፣ መኪና ሲገዙ የነዳጅ ጋኑ ስንት ሊትር እንደሚይዝ ብቻ ጠይቆ እንደመሄድ ነው። ጋኑ ትልቅ መሆኑ ሞተሩን አያጠነክረውም። በዚያ ላይ ያ 580 ላዩ ላይ 2048 የሚል ቁጥር ነበረበት። ዋናው 580 2304 የማስሊያ ክፍሎች አሉት፤ ባለ 2048ቱ ስሙ 580 ይሁን እንጂ ሆዱ የ570 ነው። ደግሞም እንዲህ ያሉት ካርዶች ብዙዎቹ ኢቴሪየም ሲቆፍሩ ሌትና ቀን የኖሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. መስከረም 2022 ኢቴሪየም በካርድ መቆፈርን ሲያቆም በየአገሩ ገበያ ላይ ፈሰሱ። የቆፈረ ካርድ ሁሉ ይሞታል ማለት አይደለም፤ ግን ሻጩ ይህን ሳይናገር «ቤት ውስጥ ነው የተጠቀምኩበት» ካለ ሰውየው ራሱ መጥፎ ምልክት ነው። ለነገሩ 580ውም ብዙ ዋት ስለሚበላ የዴሉ ሳጥን አይችለውም። ሻጩ ይህንንም አልተናገረም።

እቁቡ ሊደርሰው ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር፤ 60 ሺህ ብር። ያ ገንዘብ ግን ስም አለው። ከፋሲካ በኋላ ከእጮኛው ጋር ለሚገቡበት ቤት የስድስት ወር ቅድሚያ ክፍያ ነው። አንድ ማታ እንደ ቀልድ አነሳላት። «ለሥራም ይሆነኛል፤ የሠርግ ቪዲዮ ምናምን ኤዲት ባደርግ...» አላት። በሕይወቱ አንድ ቪዲዮ ኤዲት አድርጎ አያውቅም። እሷም ታውቃለች።

«ለሥራ ነው ካልከኝ እሰማሃለሁ» አለችው። «ለጨዋታ ነው ካልከኝም እሰማሃለሁ። ሁለቱን ግን አትቀላቅልብኝ።»

«ለሥራ ነው» የምትለው ቃል በስንት ቤት ስንት ዕቃ እንዳስገዛች ቢቆጠር ጉድ ነው። መጫወት የሚያሳፍር ይመስል። ሲያጨስ፣ ሲቅም፣ በየሳምንቱ በቁማር ኩፖን ደመወዙን ሲያቃጥል ለሥራ ነው የማይል ሰው፣ ቤቱ ተቀምጦ ሁለት ሰዓት ለመጫወት ግን ሰበብ ይፈልጋል። ሰበቡ ደግሞ ከካርዱ የባሰ ውድ ነው፤ ለጨዋታ የሚበቃው ትንሽ ነገር ለማይሠራው ሥራ ስለማይበቃ ትልቁን ያስገዛል።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጓደኛው ጻፈለት፦ «ስንት ፍሬም ሰጠህ?» ልጁ ሊዋሽ ጀምሮ ሰረዘው። ደወለ። ሁሉንም ነገረው፤ ሳጥኑን፣ 240 ዋቱን፣ ሲኖትራኩን። ዳላስ በኩል ረጅም ዝምታ ሆነ። የተቀየመ መሰለው። ስጦታ ተልኮልህ አይሆነኝም ማለት እኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም፤ በዚያ ላይ እናት ተሸክመው ያመጡት።

«እኔ እኮ ልገዛ ነው ያልኩህ አዲሱን አልገዛሁም» አለ ጓደኛው በመጨረሻ። «ካበራሁት ስምንት ወር ሆነኝ። ሁለት ሥራ ነው የምሠራው ጀለሴ፤ ቀን መጋዘን፣ ማታ ኡበር። አንተ ጋ ቢሰካ ቢያንስ አንዳችን እንጫወታለን ብዬ ነው።»

ልጁ ዓርብ ማታ አለመግባቱ በራሱ ሳጥን ምክንያት እንደሆነ ነበር ለሁለት ዓመት የሚያምነው። ያም በኩል ሰው አልነበረም ለካ።

«ሽጠው» አለው ጓደኛው። «ሽጠውና የሚሆንህን ግዛ። ፌክ እንዳይሸጡልህ ብቻ።»

ገዢዋ የአርክቴክቸር ተማሪ ነበረች፤ የመመረቂያ ሥራዋን ሬንደር ማድረግ ስድስትና ሰባት ሰዓት እየፈጀባት የተማረረች። ለእሷ ያ ካርድ በእውነት ለሥራ ነው። ልጁ ካርዱን በዚያው በዳላሱ ፎጣ ጠቅልሎ ቤቷ ድረስ ወሰደው፣ ራሱ ሰክቶ ለግማሽ ሰዓት በሙሉ ጉልበቱ እንዲሠራ አደረገው፣ ሙቀቱን አብረው አዩ። ገንዘቡን የተቀበለው ከዚያ በኋላ ነው። ያገለገለ ካርድ የሚሸጥ ሁሉ ይህን ቢያደርግ ግማሹ ጭቅጭቅ ባልኖረ።

ለራሱ የሚገዛው ምን እንደሆነ በዚህ ጊዜ ግልጽ ነበር። የማዘርቦርዱ መሰኪያ ያለ ምንም ተጨማሪ ገመድ እስከ 75 ዋት ይሰጣል። ስለዚህ ከ75 ዋት የማይበልጥ ካርድ፤ 65 የፕሮሰሰሩ ሲደመር 140፣ ለሌላው ዕቃ መቶ ዋት ይተርፋል። በዚህ ክልል ውስጥ 1050 ቲአይ አለ፣ 1650 አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ባለ 6 ጊጋው 3050 አለ። የመጨረሻው ከሁሉም ይሻላል፤ ግን የተጠየቀበት ዋጋ የ1650ው እጥፍ ነበር። ሞኒተሩ ደግሞ ያው ከቢሮ የመጣው ባለ 19 ኢንች ነው፤ 1280 በ1024። ይህ 1.3 ሚሊዮን ነጥብ ነው፤ ፎርኬ የሚባለው ከ8 ሚሊዮን በላይ። ካርድ የሚደክመው ነጥብ ሲሞላ ነው። ለዚያ ሞኒተር 1650 ይበቃዋል።

ሲገዛ ሁለት ነገር ተጠነቀቀ። አንዳንዱ 1650 አምራቹ ፍጥነቱን ከፍ ስላደረገው ባለ 6 ፒን ገመድ ይፈልጋል፤ ዴሉ ያ ገመድ የለውም፣ ስለዚህ አናቱ ላይ ሶኬት የሌለውን መረጠ። ሁለተኛው የጓደኛው ማስጠንቀቂያ ነው። አሮጌ 550 ቲአይ ሶፍትዌሩ ተነካክቶ 1050 ቲአይ ነኝ የሚልበት ጊዜ ስላለ፣ ሱቁ ውስጥ ጂፒዩ-ዚ የምትባለዋን ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዞ ሄዶ ከፈተ። ሐሰተኛ ካርድ ስታይ ከስሙ በፊት ትጽፍልሃለች። ሻጩ ፊቱን አጨማደደ፤ ይጨማደድ። 22 ሺህ ብር ነው የሚከፈለው።

ከ3070ው ሽያጭ በተረፈው ሌላ ባለ 8 ጊጋ ራም ጨመረ። ሁለት ራም ጎን ለጎን ሲሠሩ መረጃው በሁለት መንገድ ስለሚሄድ ለአሮጌ ፕሮሰሰር ትልቅ እፎይታ ነው፤ ከካርድ በፊት ይህን ማድረግ የሚገባው ብዙ ሰው አለ። ቀጥሎ ዩፒኤስ ገዛ። ግቢው የጋራ ቆጣሪ ነው፤ አከራይዋ የእንጀራ ምጣዱን ሲሰኩ ሦስት ኪሎዋት ያለፈ ጭነት በአንድ ጊዜ ይገባና መብራቱ ይደበዝዛል፣ ኮምፒዩተሩም ራሱን ያጠፋል። ስለዚህ ነገር ግን የካርድ ምክር የሚሰጥ ሁሉ አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም። የቀረውን ገንዘብ ለጓደኛው እናት ወሰደላቸው። «ይሄ ደግሞ የምን ነው?» አሉ። «የብረቱ ነው እትዬ» አላቸው። ቆጥረው መቀነታቸው ውስጥ አስገቡት።

እቁቡ አልተነካም።

ቅዳሜ ንጋት ላይ ጨዋታውን ከፈተ። ስዕሉ ሳይቆራረጥ ሄደ። በመሃል ታስክ ማናጀሩን ቢያይ ፕሮሰሰሩ መቶ በመቶ ደርሷል፣ ካርዱ ገና ሰባ ላይ ነው፤ በዚህ ጨዋታ 3070 ቢሆን ኖሮም ያው ነበር። ጓደኛው በስልክ መስመር ላይ ነው፤ ተሳፋሪ አውርዶ ሌላ እስኪጠራው የሆነ ነዳጅ ማደያ ቆሟል። አይጫወትም፤ እየሰማ ነው።

«የት ነህ አሁን?»

«በረንዳው ላይ። ሁለት ናቸው።»

«ቦምቡን የያዘው ማነው?»

ግቢው ውስጥ አከራይዋ ምጣዱን ሰኩ። አምፖሉ ደበዘዘ፤ ዩፒኤሱ አንዴ ጮኸና ዝም አለ።

«ምንድነው የጮኸው?» አለ ጓደኛው።

«እንጀራ ነው» አለው። «ቆይ፣ በስተግራ እየመጣ ነው።»