ከደብተሬ ያልወጣ ዕቅድ

ዛሬ ላካፍላችሁ የፈለግኩት ስለ አንድ ጥፋቴና ጌታ በእርሱ በኩል ስላስተማረኝ ነገር ነው።

እኔ ዕቅድ ማውጣት እወዳለሁ። መስከረም ሲጠባ አዲስ ደብተር ገዝቼ፣ ገጹን በማስመሪያ ከፍዬ፣ የጸሎት፣ የንባብ፣ የልጆች፣ የአገልግሎት፣ የቤት ወጪ ብዬ ካልደለደልኩ ዓመቱ የገባ አይመስለኝም። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁም የጓደኞቼን የጥናት ፕሮግራም የማወጣላቸው እኔ ነበርኩ። ነገር ግን ደብተሩ ላይ የሚያምረው ነገር ብዙውን ጊዜ በኑሮዬ አይታይም ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት አረጋዊት እናት በሕመም ምክንያት ከጉባኤ ቀሩ። ገና ሙሽራ ሆኜ ወደዚህች ቤተ ክርስቲያን ስመጣ፣ “የፓስተሩ ሚስት” መባሉ ሲያስጨንቀኝ፣ እጄን ይዘው የጸለዩልኝ እርሳቸው ናቸው። የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ገንፎ ያገነፉልኝም እርሳቸው ናቸው። ስለዚህ ሄጄ ልጠይቃቸው፣ አጠገባቸው ተቀምጬ መጽሐፍ ቅዱስ ላነብላቸው አሰብኩ። በደብተሬም “እማማን መጠየቅ” ብዬ ጻፍኩ።

በዚያ ሳምንት የሴቶች ኮንፈረንስ ዝግጅት ነበረ። በሚቀጥለው ሳምንት ከክፍለ ሀገር እንግዳ መጣብን። በሦስተኛው ልጄ ታመመ። ያልሠራሁትን ወደሚቀጥለው ሳምንት ማዛወር ልማዴ ስለሆነ፣ በየሰኞው ያንኑ ዐረፍተ ነገር አሳምሬ እገለብጣለሁ።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ስልክ ተደወለ። እማማ ወደ ጌታ ሄደዋል።

ከቀብር መልስ ደብተሬን ገለጥኩ። “እማማን መጠየቅ” የሚለው በሰባት ሳምንት ገጾች ላይ ሰባት ጊዜ ተጽፏል። ቤታቸው ከእኛ ቤት የ15 ደቂቃ መንገድ ነው። ልጃቸው ለቅሶ ቤት አቅፋኝ፣ “እማዬ ስምሽን ታነሳ ነበር” ስትለኝ ደግ መናገሯ ነበር፤ እኔ ግን የምገባበት ጠፋኝ። ሐሳቤ መልካም ነበረ፣ ፍቅሬም እውነተኛ ነበረ። እማማ ግን ደብተሬን አላዩትም።

ያዕቆብ በመልእክቱ፣ የተራቆተና የተራበ ወንድም አይቶ መልካም ቃል ብቻ ሰጥቶ ስለሚያሰናብት ሰው ይናገራል (ያዕ. 2፥15-16)። ያንን ክፍል ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ! መልካም ቃል በአፍ ብቻ ሳይሆን በደብተርም ላይ ሊቀር እንደሚችል ግን አላስተዋልኩም ነበር።

የባለቤቴ ጥያቄ

ባለቤቴ በዚያ ሰሞን ብዙ አልተናገረኝም። አንድ ምሽት ቡና እያፈላሁ ሳለ ግን፣ “ለመሆኑ ዕቁብ ሳትጥዪ የቀረሽበት ጊዜ አለ?” ብሎ ጠየቀኝ።

“አንድም ቀን የለም” አልኩት። እውነቴን ነው። ከሰፈር ሴቶች ጋር ለዓመታት ዕቁብ ጥያለሁ። ገንዘብ ሲያጥረኝ ተበድሬም ቢሆን እጥላለሁ እንጂ አላሳልፍም።

“ታዲያ ዕቁቡን የማትረሺው ለምንድን ነው?” አለኝና ዝም አለ።

ይህ ጥያቄ ለብዙ ቀን አብሮኝ ዋለ። ለብቻችን በሣጥን ማስቀመጥ ያቃተንን ብር በዕቁብ የምናጠራቅመው ለምንድን ነው? መጀመሪያ፣ ቀኑ የታወቀ ነው፤ “ሲመቸኝ እጥላለሁ” የሚባል ዕቁብ የለም። ሁለተኛ፣ መጠኑ የተቆረጠ ነው፤ ከሌላውም ወጪ በፊት ይነሣል። ሦስተኛ፣ የሚጠብቀን ሰው አለ፤ ሰብሳቢው ይጠይቃል፣ ዕጣ የወጣላትም ሴት እጃችንን ታያለች። የእኔ ዕቅድ ግን ቀን የለው፣ መጠን የለው፣ የሚጠይቀኝም አልነበረ።

ነህምያ እንዴት ሠራ?

ከዚያ በኋላ መጽሐፈ ነህምያን በሌላ ዓይን አነበብኩት። ነህምያ የኢየሩሳሌምን ጉስቁልና በካሴሉ ወር ሰምቶ አለቀሰ፣ ጾመ፣ ጸለየ። ንጉሡ ፊት የቀረበው ግን በኒሳን ወር ነው፤ አራት ወር ያህል መሆኑ ነው። ንጉሡ መቼ እንደሚመለስ ሲጠይቀው “ጌታ እንደ ወደደ” ብሎ አላለፈም፤ ጊዜ ቆርጦ ነገረው (ነህ. 2፥6)። ሥራው ሲጀመር ብዙዎቹ በየቤታቸው አንጻር ያለውን ቅጥር ሠሩ (ምዕ. 3)፤ የእያንዳንዱ ድርሻ የታወቀ፣ ለዓይንም የቀረበ ነበር። ጠላቶቹ ወደ ኦኖ ሜዳ እንዲወርድ አራት ጊዜ ሲልኩበት አራት ጊዜ እምቢ አለ (6፥2-4)። ቅጥሩም በ52 ቀን ተፈጸመ (6፥15)። የአራት ወር ጸሎቱ ሥራውን አልተካለትም፤ ሥራውም ጸሎቱን አልተካም።

እኛስ ምን እናድርግ?

በኑሮዬ ሞክሬ የጠቀመኝን ላካፍላችሁ።

1. ቀንና ሰዓት ስጡት። እኔ አሁን የታመሙትንና አረጋውያንን የምጠይቀው ሐሙስ ነው፤ ያውም ከእህቶች ጸሎት መልስ፣ ወደ ቤቴ ሳልገባ። ቤት ከገባሁ ድስቱ፣ ልጆቹ፣ እንግዳው ይዘው እንደሚያስቀሩኝ አውቃለሁ። አዲሱን ሥራ ድሮም ከምታደርጉት ነገር ጋር እሰሩት። ከቁርስ በፊት የምትጸልዩ ከሆነ ንባቡን እዚያው አያይዙት።

2. መጠኑን አሳንሱት። “ሕሙማንን መጠየቅ” የሚለው ጽሑፌ መጨረሻ አልነበረውም። አሁን “አንድ ቤት፣ አንድ ሰዓት” ነው። መጽሐፍ ቅዱስን በዓመት ለመጨረስ ተነሥተን ዘሌዋውያን ላይ የምንቀር ብዙዎች ነን። የምናነባቸው 66 መጻሕፍት በድምሩ 1,189 ምዕራፎች ናቸው። በቀን 4 ምዕራፍ ብናነብ በ298 ቀን ያልቃሉ፤ ከ365ቱ 67 ቀን ይተርፋል። ያ ትርፍ ለሕመም፣ ለለቅሶ፣ ለመንገድ ነው። ለመውደቂያ ቀን ያልተወ ዕቅድ በመጀመሪያው እንቅፋት ይቆማል። አራት ከበዛባችሁ በአንድ ጀምሩ፤ ከሦስት ዓመት በላይ ቢፈጅም ከዘሌዋውያን ያሳልፋችኋል።

3. የሚጠይቃችሁ ሰው ይኑር። ባለቤቴ ሐሙስ ማታ፣ “ዛሬ ማን ጋ ሄድሽ?” ይለኛል። “ሄድሽ ወይ?” አይለኝም፤ እንደምሄድ ያምናል። እኔም በበኩሌ እጠይቀዋለሁ። የእርሱ የዕረፍት ቀን ሰኞ ነው፤ እስከ እኩለ ቀን ስልኩን ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጦ ከልጆቹ ጋር ለመሆን ወስኗል። ባለትዳሮች ሆይ፣ አንዳችን ለሌላችን ዳኛ ሆነን ሳይሆን እንደ ዕቁብተኛ እንጠያየቅ። በክስ ድምፅ የተጠየቀ ሰው ሰበብ ይፈልጋል፤ በፍቅር የተጠየቀ ግን ለሚቀጥለው ሳምንት ይበረታል።

4. እምቢ ማለትን ተማሩ። ይህ ለእኔ ከሁሉ የከበደ ነበር። ይሉኝታ ይይዘኛል፤ የአገልጋይ ሚስት “አልችልም” ስትል ሰው ምን ይላል? ነገር ግን ጌታችን ራሱ በቅፍርናሆም ሰው ሁሉ ሲፈልገው፣ ማልዶ ጸልዮ ወደ ሌላው መንደር ሄዷል (ማር. 1፥35-38)። አሁን ሐሙስ ስብሰባ ሲጠሩኝ፣ “ሐሙስ ሰው ይጠብቀኛል፤ ዓርብ ይሁንልኝ” እላለሁ። እስካሁን በዚህ የተቀየመኝ ጥቂት ሰው ነው።

ስንወድቅስ?

አንድ ክረምት በዝናብና በልጆች ሕመም ሁለት ሐሙስ በተከታታይ ቀረሁ። የድሮዋ እኔ ብሆን “በቃ፣ ለመስከረም እንደ አዲስ እጀምራለሁ” ብዬ ደብተሩን እዘጋው ነበር። በዚያን ጊዜ ግን የጌታ ምሕረት በየማለዳው አዲስ መሆኑን አሰብኩ (ሰቆ. 3፥22-23)። ምሕረቱ ማለዳ ማለዳ አዲስ ከሆነ እኔ ለምን መስከረምን እጠብቃለሁ? ያመለጡኝን ሁለቱን ለማካካስ አልሞከርኩም፤ ሦስተኛውን ሐሙስ ሄድኩ። ጸጋ ለስንፍና ሽፋን አይደለም፤ የወደቀውን ግን ሳይነቅፍ ያነሣል።

ዛሬም ቢሆን በእማማ በር ባለፍኩ ቁጥር ልቤ ይነካል። ጌታ ይቅር እንዳለኝ አምናለሁ፤ ያቺ የ15 ደቂቃ መንገድ ግን ተመልሳ አትመጣም። ሐዋርያው ዘመኑን እንድንዋጅ ሲመክረን (ኤፌ. 5፥16) የሚያልፍ ነገር ስላለ ነው።

ውድ አንባቢዎች፣ በእናንተም ደብተር ወይም ልብ ውስጥ ከሳምንት ወደ ሳምንት ሲገለበጥ የኖረ ነገር ይኖር ይሆን? ምናልባት የእናታችሁ ስም ነው። ምናልባት ከትዳር ጓደኛችሁ ጋር ለመጸለይ ያሰባችሁት ነው። ምናልባት ይቅርታ ልትጠይቁት የሚገባ ወንድም ነው። ይህን መጽሔት ከማስቀመጣችሁ በፊት ቀን ቁረጡለት፣ መጠኑን ወስኑ፣ ለአንድ ሰው ንገሩ። የሚበቃው በስልክ ከሆነ ደግሞ አሁኑኑ ደውሉ።

ያሰብነውን እንድናደርግ ጌታ ይርዳን። አሜን!