ምስል አለ፣ ድምፅ የለም

ሐምሌ 1 ቀን 2010 እሑድ ነበር። ካርቱም፣ ዴም ሰፈር በምንሰበሰብባት ቡና ቤት ቴሌቪዥኑ የአስመራን አውሮፕላን ማረፊያ ያሳያል። ዐቢይ ሲወርዱ፣ ኢሳያስ ሲቀበሏቸው፣ ሁለቱ ሲተቃቀፉ አየን። አየን እንጂ አልሰማንም። ቤቱ ውስጥ የነበረው ሱዳናዊ «ማፊ ሶት!» እያለ ይስቃል።

እኛ ግን አልሳቅንም። አስመራ ተወልዳ ያደገች ሸሪክ አለችን፤ እኛ በመተማ በኩል ቡናና በርበሬ እናመጣለን፣ እሷ ታከፋፍላለች። እናቷ አስመራ፣ እህቷ አዲስ አበባ ናቸው። ከ1990ው ጦርነት ወዲህ በሁለቱ አገሮች መካከል ቀጥታ ስልክ አልነበረም፤ ከካርቱም ግን ለሁለቱም ይደወል ነበር። ስለዚህ በዓል በመጣ ቁጥር ሁለት ሞባይል ገጥማ ይዛ፣ የአንዱን ማዳመጫ ለሌላው መነጋገሪያ እየሰጠች፣ እናትና ልጅን ታገናኝ ነበር። ያን ዕለት ከቴሌቪዥኑ ፊት ቆማ የሰዎቹን ከንፈር ታያለች።

መጀመሪያ ሁሉም ሰው የሚያደርገውን አደረግን፤ ድምፁን እስከ ጥግ ጨመርን። አንዱ ሪሲቨሩን በመዳፉ መታው (ይህ ልማድ መቼ እንደሚለቀን እንጃ)። የሰፈሩ ጠጋኝ ተጠርቶ መጣና «ተቃጥሏል፣ አዲስ ግዙ» አለ። ጊዜው ባንክ ያስቀመጡትን ገንዘብ እንኳ ተሰልፈው የሚያወጡበት ነበር፤ በምን እንግዛ?

ከመካከላችን አንዷ ሪሞቱን ነጠቀችና ወደ አረብኛ ጣቢያ ቀየረች። ድምፁ ቤቱን አናወጠው፤ ሲኒ ሁሉ ተንቀጠቀጠ። ለካ ጥግ ላይ ትተነው ኖሯል!

ያ ጩኸት ግን ነገሩን ፈታው። ሁሉም ጣቢያ ዝም ካለ ጥፋቱ ከሽቦው ወይም ከቴሌቪዥኑ ነው፤ ያኔ ቀዩንና ነጩን ገመድ ነቅሎ መሰካት ነው፣ ቢጫው የምስል ብቻ ነውና። አንድ ጣቢያ ብቻ ዝም ካለ ግን ሪሲቨሩ አልተቃጠለም። አንድ ጣቢያ ከምስሉ ጋር ሁለትና ሦስት የድምፅ መስመር ሊልክ ይችላል፤ አንዱ ባዶ ሊሆን ይችላል። ሪሲቨሩ ደግሞ በመጨረሻ የተመረጠለትን ለዚያ ጣቢያ ያስታውሳል። ሪሞቱ ላይ «ኦዲዮ» የሚለውን ስንጫን ሁለት መስመር ወጣ፤ የተመረጠው ሁለተኛው ነበር። የባለቤቲቱ ትንሽ ልጅ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። አንደኛውን መረጥን፣ በቃ። ጠጋኙ ሻዩን ጠጥቶ ሄደ፤ ሒሳቡን ግን አልተወም።

በኤችዲኤምአይ ለምታዩ፦ ምስሉ እያለ ድምፅ ከጠፋ፣ በሪሲቨሩ የድምፅ ማስተካከያ ውስጥ ዶልቢ የሚለውን ወደ ፒሲኤም ቀይሩት። ብዙ ቴሌቪዥን ዶልቢውን አይፈታውም።

ድምፁ ሲመጣ እልልታው ከአስመራ ጎዳና ይሁን ከቡና ቤታችን መለየት አቃተን። ቀጥታው ስልክ መከፈቱን የሰማነው ያን ዕለት ነው። ብዙም ሳይቆይ የሸሪካችን ሞባይል ጮኸ። እህቷ ነበረች፣ ከአዲስ አበባ፤ ከእናታቸው ጋር በቀጥታ ማውራቷን ልትነግራት። ሸሪካችን አንድ ጆሮዋን በእጇ ደፍና ወደ እኛ ዞረች።

«እባካችሁ እህቶቼ፣ ያንን ነገር ድምፁን አጥፉልኝ!»