ገበያ ሲረበሽ

ልጄ፤ ሱቅ ለመክፈት መነሳትሽን በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። የምመክርሽ ግን ስለ ደህናው ቀን አይደለም፤ እሱን ሥራው ራሱ ያስተምርሻል። የምፈራልሽ ገበያ ሲረበሽ ነው። ያን ጊዜ ዋጋ የምትቆርጪው በወሬ ሳይሆን በእጅሽ ባለው ደረሰኝ ይሁን።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ በተነገረ ሰሞን፣ አዲስ አበባ ላይ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ያድናል ተብሎ ሰው ተሻማበት፤ ዋጋውም ተሰቀለ። ልብ በይ፤ ከተማው ውስጥ አዲስ በላተኛ አልተጨመረም። የወር ሸመታውን በአንድ ቀን ያደረገው ያው ደንበኛ ነው፤ ጓዳው ሲሞላ ደግሞ ለሳምንታት ብቅ አይልም። ሰልፉን አይቶ በውድ፣ ያውም በብድር፣ የሚያከማች ነጋዴ የነገው ገዢ ዛሬ ገዝቶ መጨረሱ አይታየውም። ሎሚው ይጠወልጋል፤ ዕዳው አይጠወልግም።

ውድነት ሁሉ ከፍርሃት ይመጣል ማለቴ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በንግድ ባንክ በዕለቱ ከ74 ብር በላይ ሆነ፤ በሳምንታት ውስጥም 100 ብር አለፈ። «በድሮው ዋጋ ከሸጥኩ በምን እተካዋለሁ?» ብትዪኝ እውነት አለሽ፤ ትርፍ መስሎ የሚታየው ገንዘብ ካፒታልሽን እየበላ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ብዙ አስመጪ ድሮውንም ዶላሩን በጥቁር ገበያ ዋጋ ያሰላ ስለነበር፣ የባንኩ ቁጥር የዘለለውን ያህል የዕቃው መግዣ ይዘላል ማለት አልነበረም። ስለዚህ አከፋፋይሽን ጠይቂ። የሚቀጥለውን ካርቶን ዘይት በስንት ይሰጥሻል? እሱ ከጨመረ አንቺም ጨምሪ፤ ዋጋውንም ሁሉ እንዲያየው መደርደሪያው ላይ ለጥፊ። ካልጨመረ ተዪው።

«ጎረቤቴ ደብቆ ከበረ» የሚለው ክርክር ይበልጥ ይፈትንሻል። አንዳንዱ በርግጥ ያተርፋል፤ አልክድሽም። ግን ዕቃ የደበቀ ሰው ዋጋው ተመልሶ አይወርድም፣ መንግሥትም ሱቄን አያሽገውም ብሎ የተወራረደ ነው፤ በኮሮናውም በምንዛሪ ለውጡም ሰሞን የታሸገው ሱቅ ብዙ ነው። እኔን ከዚያ በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ደመወዝ እስኪገባ የሚጠብቅ ሰው፣ ዘይት በግማሽ ሊትር የምትገዛ እናት፣ አስቀድመው ሊያከማቹ አይችሉም፤ ሱቅ ሲደርሱ ባለ መኪናው ጠርጎት ሄዷል። በግርግሩ ሰሞን ለአንድ ቤት የምትሸጪውን ወስኚ፤ ሁለት ሊትር ይበቃል። የሚቆጣሽ ይኖራል፤ ይቆጣ። ዓመቱን ሙሉ ሳሙናውንም ስኳሩንም ካንቺ የሚገዛው ግማሽ ሊትር የሚጠይቅሽ ሰው ነው።

አባትሽ