13 ቁጥር

የአባቴ አርባ እንደወጣ ዕቃ ክፍፍል ተቀመጥን። ታላቅ እህቴ የእጅ ሰዓቱን ወሰደች፤ ታናሽ ወንድሜ ሬዲዮኑን። ለእኔ ሁለት ሰው ተጋግዞ የማያነሳው የብረት ሳጥን ደረሰኝ። ለምን እንደሆነ እማዬ ባጭሩ ጨረሰችው፦ «አንተ አይደለህ እንዴ ታኮ ታደርግለት የነበርከው?»

እውነቷን ነው። ቤታችን ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ወደ እንጦጦ ጋራ በሚያወጣው ዳገት ላይ ነው። እዚያ ሰፈር የእጅ ፍሬን ብቻውን አይታመንም። አባቴ በራችን ላይ የቆመ መኪና ሥር ሊገባ ሲል «ታኮ!» ይላል፤ እኔ ድንጋይ አቅፌ እሮጣለሁ። ጠፍጣፋው ወደ መሬት፣ ሾጣጣው ወደ ጎማው። አንድ ቀን ገልብጬ አስገባሁትና የሰው ሰይቼንቶ ቀስ ብላ ቁልቁለቱን ተያያዘችው። ደግነቱ አባቴ ገና ከሥሯ አልገባም ነበር፤ እሷ ግን ጎረቤት አጥር ውስጥ ገባች።

ታኮ በጣሊያንኛ የጫማ ተረከዝ ነው። ይህን ያወቅኩት ሳጥኑን ከወረስኩ በኋላ ነው። ከፍቼ ሳየው የዕቃዎቹን ስም አንድ በአንድ አውቀዋለሁ፤ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ክሪክ፣ ሞርሳ። አያያዛቸውን አትጠይቁኝ። ስሞቹ አንዳንዶቹ በአስመራ ጋራዦች በኩል፣ አንዳንዶቹ ከ1928 እስከ 1933 በነበረው የወረራ ዘመን ከፊያትና ከላንቺያ ጭነት መኪኖች ጋር ገቡ። ጣሊያኖቹ ሲወጡ ቃሉ ከመፍቻው ጋር ቀረ። አርበኞቻችን ከጠላት ጠመንጃ ማረኩ፤ መካኒኮቻችን መዝገበ ቃላቱን።

ምርኮውን ሲፈቱት ያስቃል። ካንዴላ ሻማ ነው። ማርሚታ ድስት ነው። ባሌስትራ የጦር ቀስት፣ ፍሬቻ ከቀስቱ የሚወረወረው ፍላጻ። ሞርሳም ስሙን ያገኘው ከመንከስ ነው፤ የአባቴ ሞርሳ ይህንን በጣቴ ላይ አስመስክሯል። አባቴ ጥር 12 ለየካ ሚካኤል ሻማ ያበራል፤ በማግስቱ ቱታውን ለብሶ ሌላ ሻማ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፍግ ይውላል። ሞተር የሚያወርደውም ሦስት የባሕር ዛፍ ግንድ አናታቸውን አስሮ፣ ከመሃላቸው ሰንሰለት አንጠልጥሎ ነው። ዛፉም እንደ ካቻቪቴው መጤ ነው፤ ምኒልክ አስመጥተው እንጦጦን አለበሱት እንጂ።

ከቃሉ ይልቅ ያስቸገረኝ ቁጥሩ ነው። በሳጥኑ አንድ ጥግ ያሉት መፍቻዎች በኢንች ናቸው። ጥቂቶቹ ደግሞ ዊትዎርዝ የሚባለው የእንግሊዞች ልክ ሆነው ተገኙ። በነሱ ላይ የሚጻፈው የብሎኑ ራስ ስፋት ሳይሆን የግንዱ ውፍረት ነው፤ ስለዚህ ግማሽ ኢንች የሚለው መፍቻ አፉ ሲለካ ግማሽ ኢንች አይደለም። እንግሊዝ ጣሊያንን ልታስወጣ ስትመጣ መፍቻዋንም ግራ መጋባቷንም ይዛ ነው የገባችው።

ሌላው ጥግ ሚሊ ነው። ከሁሉም የተበላው 13 ቁጥሩ ነው፤ አፉ ላልቷል፣ እጀታው አባቴ አውራ ጣቱን የሚያሳርፍበት ቦታ ላይ ለስልሷል። የላዳ ቁጥር ነው። ላዳን ደግሞ ሶቪየቶች እ.ኤ.አ. በ1966 ከፊያት ጋር ተዋውለው፣ 124 የተባለውን የጣሊያን መኪና ለራሳቸው መንገድ አጠናክረው ነው የሠሩት። ጣሊያን በ1933 ተባሮ ወጣ፤ በደርግ ጊዜ በሩሲያ ፓስፖርት፣ ሰማያዊና ነጭ ተቀብቶ፣ ታክሲ ሆኖ ተመለሰ። ይህን ለአባቴ በሕይወት ሳለ ስነግረው አልደነገጠም። «ታዲያ ለዚህ ነዋ ብሎኑ የሚያውቀኝ!» አለ።

የእኔ መኪና ቪትስ ናት። ጃፓኖች በ10፣ በ12፣ በ14 ያስራሉ፤ 13ን ዘለውታል። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። የኤሌክትሪኩ መኪና ካንዴላም ማርሚታም የለው፤ ሻማውም ጠፋ፣ ድስቱም ተደፋ።

ባለፈው ቅዳሜ ቆራሌው በራችን ላይ ቆሞ ሳጥኑን በዓይኑ መዘነው።

«በኪሎ እናስበው፣ ወንድሜ።»

«13 ቁጥሩስ?»

«እሱም ብረት ነው።»

ክዳኑን ዘጋሁት።

ላዳ ያላችሁ አንባቢዎች፣ 13 ቁጥር ከጠፋባችሁ እኔ ዘንድ አለ። መፍቻው ግን ከግቢ አይወጣም፤ አባቴ ክዳኑ ውስጥ በዘይት ቀለም «ማዋስ የለም» ብሎ ጽፎበታል። መኪናውን ይዛችሁ ኑ። ታኮውን እኔ አደርጋለሁ።